ከአንበሳ ሜዳ እስከ ካሩራ ደን፦ ናይሮቢ መናፈሻዎቿን እንዴት አዳነች?

ማለዳ ተነስቶ አንበሳ ማየት፣ ረፋድ ላይ እናቱን ያጣ የዝሆን ግልገል ጡጦ ሲጠባ መመልከት፣ ከሰዓት በኋላ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ፏፏቴ አጠገብ አረፍ ማለት፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሙዚቃው ከሩቅ በሚሰማ ባለ ሥዕል ማታቱ ተሳፍሮ ወደ ቤት መመለስ። ይህን ሁሉ ከከተማ ሳይወጡ በአንድ ቀን ማድረግ የሚቻልበት ዋና ከተማ ቢፈለግ፣ ከናይሮቢ ሌላ ማግኘት አዳጋች ነው።

የኬንያ መዲና በአውሮፓውያኑ 2019 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 4.4 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪዎች ነበሯት። መንገዶቿ በመኪና የተጨናነቁ፣ መሬቷም እጅግ ውድ ነው። እንዲህ ባለች ከተማ መሀል ሰፊ ደንና የአራዊት ሜዳ መትረፉ የተፈጥሮ ችሮታ ብቻ ይመስል ይሆናል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይታያል። ዛሬ ሰው የሚዝናናባቸው የናይሮቢ ስፍራዎች ብዙዎቹ የቆዩት፣ በአንድ ወቅት ሊወሰዱ ወይም ሊዘጉ ሲሉ «አይሆንም» ያለ ሰው ስለነበረ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ስፍራዎች ጥቂቶቹን ከነታሪካቸው ያስተዋውቃል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

ባቡር የቆረቆራት ከተማ

ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ከማሳይ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙም «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው። ከተማነቷ የተጀመረው ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘረጋው የእንግሊዞች የባቡር ሐዲድ በ1899 ከስፍራው ሲደርስና የዕቃ ማከማቻና የሠራተኞች ሰፈር ሲቆረቆርባት ነው። ሐዲዱን ለመዘርጋት ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ከሕንድ መጥተው ነበር፤ ከእነዚህም 2,500 ያህሉ በበሽታ፣ በአደጋና በአራዊት ሕይወታቸውን እንዳጡ ይነገራል።

ይህን ታሪክ በዓይን ማየት ለሚሻ፣ ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ በ1971 የተከፈተው የባቡር ሙዚየም አለ። ግቢው ውስጥ ከቆሙት የእንፋሎት ባቡሮች ይልቅ የጎብኚን ዓይን የሚስበው አንድ አሮጌ የእንጨት ፉርጎ ነው። በ1900 ቻርልስ ራያል የተባለ የፖሊስ ሹም፣ ሰው በላ የሆነን አንበሳ ለመግደል ኪማ በተባለች ጣቢያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዚሁ ፉርጎ ውስጥ አድፍጦ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ ጣለው። አዳኙ ታዳኝ ሆነ፤ አንበሳው ወደ ፉርጎው ገብቶ ሹሙን በመስኮት ጎትቶ ወሰደው።

የከተማዋና የአንበሳው ጉርብትና የጀመረው እንግዲህ ከመነሻው ነው። ዛሬም አላበቃም።

በሕንፃዎች አንጻር የሚያድን አንበሳ

ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 ተመሠረተ። ለኬንያም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋቱ ውስጥ አንበሳ፣ ነብር፣ ጎሽ፣ ጉማሬ፣ ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያና ለመጥፋት የተቃረበው ጥቁር አውራሪስ ይኖራሉ፤ ከ400 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎችም ተመዝግበውበታል። ቅጠል የሚበላ ቀጭኔ ከኋላው የመሀል ከተማው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ተደርድረው የሚታይበት ፎቶግራፍ የተቀነባበረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እውነተኛ ነው።

የፓርኩ አመሠራረት ራሱ እንግዳ ታሪክ አለው። ናይሮቢ የተወለዱት ሜርቪን ካዊ፣ አራዊቱ በአደንና በግጦሽ መስፋፋት እየተመናመኑ መሄዳቸው ያሳስባቸው ነበር። አቤቱታቸው ሰሚ ሲያጣ ብልሃት ፈጠሩ። «አሮጌ ሰፋሪ» በሚል የብዕር ስም ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው፣ የዱር አራዊት ሁሉ ተገድለው ይጥፉ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። እንዳሰቡትም የሕዝብ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ መንግሥትም ጉዳዩን እንዲያጤን ተገደደ።

ነገር ግን የፓርኩ መመሥረት ለሁሉም የምሥራች አልነበረም። ከብቶቻቸውን በዚያ ሜዳ ያሰማሩ የነበሩ የማሳይ አርብቶ አደሮች ከስፍራው እንዲለቁ ተደርገዋል። የአንዱ መናፈሻ የሌላው የተነጠቀ ግጦሽ ሊሆን እንደሚችል፣ የፓርኩ ታሪክ የሚያነሳው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

በፓርኩ ውስጥ ጎብኚዎች ቆም ብለው የሚያዩት ሌላም ስፍራ አለ። በ1989 የወቅቱ ፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ከአዳኞች የተያዘ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ያቃጠሉት እዚህ ነው። ጥርሱ ቢሸጥ ለድሃ አገር ብዙ ገንዘብ ያስገኝ ነበር። መልዕክቱ ግን «ከዝሆኑ ላይ ካልሆነ በቀር ዋጋ የለውም» የሚል ነበር። በ2016 ደግሞ 105 ቶን የዝሆን ጥርስና ከአንድ ቶን በላይ የአውራሪስ ቀንድ በዚሁ ፓርክ ተቃጥሏል።

አንድ ሰዓት ከዝሆን ግልገሎች ጋር

በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚኖር የዱር ዝሆን የለም። ያም ሆኖ በርካቶች ወደዚያ የሚያቀኑት ዝሆን ለማየት ነው። ዴፍኒ ሼልድሪክ በ1977፣ የሣቮ ምሥራቅ ፓርክ የመጀመሪያ ኃላፊ ለነበሩት ሟች ባለቤታቸው ለዴቪድ ሼልድሪክ መታሰቢያ ያቋቋሙት ድርጅት፣ በድርቅ፣ በአደንና በሌሎች አደጋዎች እናቶቻቸውን ያጡ ግልገሎችን እዚህ ያሳድጋል።

የዝሆን ግልገል የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስብ አይቋቋምም። ዴፍኒ ሼልድሪክ የሚስማማ ወተት ለማግኘት ረጅም ዓመታት ሞክረው፣ በመጨረሻ የኮኮናት ዘይት የገባበት ለሕፃናት የሚዘጋጅ ወተት መፍትሔ ሆኖ አገኙት። ግልገሎቹ ሌት ተቀን በየሦስት ሰዓቱ ይጠባሉ፤ ተንከባካቢዎቻቸውም ሌሊት አብረዋቸው በጋጣ ያድራሉ። ምክንያቱም የዝሆን ግልገል ወተት ቢያገኝ እንኳ ብቸኝነት ሊገድለው ይችላል።

ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ግልገሎቹ በሰልፍ መጥተው ጡጧቸውን ይጠባሉ፤ ጭቃ ላይ ይንከባለላሉ። ሰዓቱ የተገደበው እንስሳቱ ሰውን ከልክ በላይ እንዳይለምዱ ነው፤ ካደጉ በኋላ ወደ ሣቮ ተወስደው ከዱር መንጋ ጋር እንዲቀላቀሉ ይደረጋልና።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በላንጋታ ሰፈር ያለው የቀጭኔ ማዕከልም ተመሳሳይ መነሻ አለው። በ1970ዎቹ በምዕራብ ኬንያ ሶይ በተባለ ስፍራ የቀሩት የሮዝቻይልድ ቀጭኔዎች 130 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ይኖሩበት የነበረው ሰፊ የከብት እርባታ መሬት ደግሞ ለሰፋሪዎች ሊከፋፈል ነበር። ጆክና ቤቲ ሌስሊ ሜልቪል የተባሉ ባልና ሚስት ዴዚ የሚል ስም የሰጧትን ግልገል ወደ ግቢያቸው አምጥተው አሳደጉ፤ በ1979ም ማዕከሉን መሠረቱ። ከ1983 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጎብኚ ከፍ ባለ የእንጨት ሰገነት ላይ ቆሞ ቀጭኔውን ፊት ለፊት እያየ በእጁ ያጎርሰዋል፤ ረጅሙ ምላስም መዳፉን ይጠቀልላል። ለተማሪዎች ግን ማዕከሉ ከሁሉ በፊት የትምህርት ስፍራ ነው።

ደም የፈሰሰበት ደን

ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት አቅራቢያ 1,000 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን የካሩራ ደን ይገኛል። ቅዳሜና እሑድ የናይሮቢ ነዋሪ በሩጫ፣ በብስክሌትና በእግር የሚዘዋወርበት፣ ቤተሰብ ምሳውን ቋጥሮ የሚመጣበት ስፍራ ነው። ፏፏቴ አለው። በ1950ዎቹ የማው ማው ተዋጊዎች ይሸሸጉባቸው የነበሩ ዋሻዎችም አሉት።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ይህ ደን ቁራሽ በቁራሽ ለባለ ሀብቶች እየተሰጠ መሆኑ ታወቀ። ግንባታም ተጀምሮ ነበር። ይህን የተቃወሙት ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ በ1977 ሴቶችን በችግኝ ተከላ የሚያደራጀውን «ግሪን ቤልት ሙቭመንት» መሥርተዋል።

ጥር 8 ቀን 1999 ማታይ ከደጋፊዎቻቸው፣ ከፓርላማ አባላትና ከጋዜጠኞች ጋር ሆነው ችግኝ ሊተክሉ ወደ ካሩራ ሄዱ። የጠበቃቸው ዱላ የያዘ የጥበቃ ቡድን ነበር። ማታይ ጭንቅላታቸውን ተፈነከቱ። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ክሳቸውን ሲያስመዘግቡ የፈረሙት ከቁስላቸው በሚፈሰው ደም ነበር። ድርጊቱ በአገር ውስጥም በውጭም ቁጣ ቀሰቀሰ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደ ጎዳና ወጡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ፕሬዝዳንት ሞይ የሕዝብ መሬትን ለግለሰቦች መስጠት እንዲቆም አዘዙ።

ደኑ ከመሸጥ ቢተርፍም ወዲያው መናፈሻ አልሆነም። ለዓመታት ወንበዴ የሚሸሸግበት፣ ሰው በቀን ብርሃን እንኳ ሊገባበት የሚፈራው ስፍራ ነበር። የለወጠው የአካባቢው ነዋሪዎችና የመንግሥት የደን አገልግሎት በጋራ መሥራታቸው ነው። የኤሌክትሪክ አጥር ተተከለ፤ በአቅራቢያው ከሚኖሩ ድሆች ሰፈሮች ወጣቶች ለጥበቃ ተቀጠሩ፤ በ2011ም ደኑ ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ በዛፎቹ ሥር ሕፃን ይዛ ያለ ስጋት የምትራመድ እናት ማየት የተለመደ ነው።

ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነዋል። በ2011 ከዚህ ዓለም ተለዩ።

60 ፎቅ ሊቆምበት የነበረው መናፈሻ

ካሩራ የማታይ የመጀመሪያ ሙግት አልነበረም። በመሀል ከተማ የሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ፣ ትርጉሙም «የነጻነት መናፈሻ»፣ በ1969 ለሕዝብ የተከፈተ ነው። መግቢያ ከፍሎ መዝናናት የማይችለው ነዋሪ እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ይዞ የሚወጣበት፣ በሰው ሠራሽ ኩሬው ላይ በጀልባ የሚንሸራሸርበት ሜዳ ሆነ።

በ1989 የገዢው ፓርቲ የመገናኛ ብዙኃን ተቋም 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ በዚህ መናፈሻ ላይ ለማቆም አቀደ፤ የፕሬዝዳንቱ ግዙፍ ሐውልትም የዕቅዱ አካል ነበር። ማታይ ለመንግሥት ባለሥልጣናትና ለውጭ ኤምባሲዎች ደብዳቤ ጻፉ። እንዲህ ያለው ሕንፃ በለንደን ሃይድ ፓርክ ወይም በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ይፈቀድ ነበር ወይ ሲሉም ጠየቁ። በፓርላማ ተሰደቡ፤ ድርጅታቸውም ከነበረበት የመንግሥት ቢሮ እንዲለቅ ተደረገ። በመጨረሻ ግን የውጭ ገንዘብ አቅራቢዎች አፈገፈጉ፤ ዕቅዱም ተሰረዘ።

በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻቸው እንዲፈቱ የርሃብ አድማ ያደረጉት በዚሁ መናፈሻ አንድ ጥግ ላይ ነበር። ፖሊስ ሊበትናቸው ሲመጣ ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በባህላቸው ይህ ከእርግማን ሁሉ የከፋ ነው። ጥጉ ዛሬም «የነጻነት ጥግ» ይባላል። ነሐሴ 27 ቀን 2010 የአገሪቱ አዲስ ሕገ መንግሥት የታወጀውም በኡሁሩ ፓርክ ነው። መናፈሻ ለዕረፍት ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ለመሰብሰብና ድምፁን ለማሰማት የሚጠቀምበት አደባባይም እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ዓባይን ሊቀዝፍ የሞከረው ሰው ቤተ መጻሕፍት

ከመናፈሻ ወደ መሀል ከተማ ለሚመለስ ሰው፣ በረጃጅም ዓምዶቹና ደጃፉን በሚጠብቁት የድንጋይ አንበሶች የሚታወቀው የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የተከፈተው በ1931 ነው። ስሙ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው። አሜሪካዊው ባለ ጸጋ ዊልያም ኖርዝረፕ ማክሚላን፣ ናይሮቢ ከመክተሙ በፊት በ1903 በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ ዓባይን በጀልባ ለመውረድ ሞክሮ ነበር። ጀልባዎቹ ግን ጉዞው ገና ከመጀመሩ በዓለት ተሰባበሩ። ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ሉሲ ቤተ መጻሕፍቱን በመታሰቢያነት አሠራችው።

ለአፍሪካውያን ግን በሩ ዝግ ነበር። እስከ 1958 ድረስ የሚያገለግለው ነጮችን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢከፈትም በእንክብካቤ እጦት አረጀ። በ2017 ደራሲዋ ዋንጂሩ ኮይናንጌና የሥነ ጽሑፍ ባለሙያዋ አንጄላ ዋቹካ «ቡክ ባንክ» የተባለ ድርጅት መሥርተው፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር በመተባበር ይህንንና ሁለት ቅርንጫፎቹን ማደስ ጀመሩ። በካሎሌኒና በማካዳራ የሚገኙት ቅርንጫፎች ታድሰው ዛሬ የሠፈር ልጆች የሚያነቡባቸው፣ ተረት የሚሰሙባቸውና ፊልም የሚያዩባቸው ስፍራዎች ሆነዋል።

ተንቀሳቃሹ የሥዕል አዳራሽ

ናይሮቢ ውስጥ ለባህል መግቢያ የማይከፈልበት፣ ለጉዞ ብቻ የሚከፈልበት አዳራሽም አለ፤ ማታቱ። ስሙ በስዋሂሊ «ሦስት» ማለት ከሆነው «ታቱ» የመጣ ነው፤ የጥንቱ ዋጋ ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ስለነበር። በ1973 ፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ ታክሲዎቹ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠሩ ከፈቀዱ በኋላ ቁጥራቸው በፍጥነት አደገ።

ወጣት ሠዓሊዎች የማታቱን አካል በእግር ኳስ ተጫዋቾች፣ በሙዚቀኞችና በፖለቲከኞች ምስል ያስውቡታል። ረዳቱ፣ በአዲስ አበባ አጠራር ወያላው፣ በበር ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ የሚጠራው ስዋሂሊን፣ እንግሊዝኛንና ሌሎች ቋንቋዎችን በሚያደባልቀው የከተማዋ ልጆች ቋንቋ፣ በሼንግ ነው። በ2004 የወጣው ጥብቅ የትራንስፖርት ደንብ የደኅንነት ቀበቶና የፍጥነት መገደቢያ ከማስገደዱ ባሻገር፣ ተሽከርካሪዎቹ ቢጫ መስመር ብቻ እንዲኖራቸው በማዘዙ ሥዕሎቹ ጠፍተው ነበር። የአደጋው ብዛት ደንቡን ተገቢ ቢያደርገውም፣ የሠዓሊዎቹ እንጀራ ግን አብሮ ተዘጋ። በ2014 እገዳው ተነሥቶ ቀለሙ ወደ ጎዳናው ተመለሰ።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ምክሮች

ለብሔራዊ ፓርኩ የሚመረጠው ሰዓት አራዊቱ የሚንቀሳቀሱበት ማለዳ ነው። ለዝሆን ግልገሎቹ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የመግቢያ ዋጋ ለኬንያውያን፣ ለነዋሪዎችና ለውጭ ዜጎች ስለሚለያይ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ ይጠቅማል። በፓርኮችና በደኖች አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል የፕላስቲክ ዕቃ ከ2020 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ውሃ በኮዳ መያዝ ይመረጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ የናይሮቢ ብርድ የአዲስ አበባን ክረምት ስለሚያስታውስ ካፖርት አይረሳ።

ጥያቄው አላበቃም

የተገኘው ድል ሁሉ ዘላቂ አይደለም። ከሞምባሳ የሚመጣው አዲሱ የባቡር መስመር ወደ ናይቫሻ ሲቀጥል ብሔራዊ ፓርኩን አቋርጦ እንዲያልፍ ተወሰነ። ተሟጋቾች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ቢወስዱትም፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ድልድይ ተሠርቶ መስመሩ በ2019 ተመረቀ። ቀጭኔዎቹ ዛሬ ከግዙፍ የኮንክሪት ምሰሶዎች ሥር ይመላለሳሉ። ከተማይቱን የወለዳት ባቡር ከ120 ዓመት በኋላ ወደ አንበሳው ሜዳ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ስጋት ግን ያለው በስተ ደቡብ ነው። ፓርኩ በሦስት አቅጣጫ የታጠረ ሲሆን፣ ደቡባዊው ወሰን ብቻ አራዊቱ በዝናብ ወራት ወደ ኪቴንጌላ ሜዳ እንዲወጡ ክፍት ነው። ያ ሜዳ የማሳይ ቤተሰቦች የግል ይዞታ ነው፤ እየተከፋፈለም በቤትና በአጥር እየተሸፈነ ነው። በ2000 የተጀመረ አንድ መርሐ ግብር መሬታቸውን ሳያጥሩና ሳይሸጡ ለሚያቆዩ ባለ ይዞታዎች በዓመት ለአንድ ኤከር 4 ዶላር ይከፍል ነበር። ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ረድቷል። ነገር ግን መሬት ፈላጊ ከሚያቀርበው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከ1946ቱ ፓርክ አያቶቻቸው የተገፉባቸው ሰዎች፣ ዛሬ ለፓርኩ ህልውና መሬታቸውን እንዳይሸጡ እየተለመኑ ነው። ልመናው ፍትሐዊ የሚሆነው ከመናፈሻው የሚገኘው ጥቅም ለእነርሱም ሲደርስ ብቻ ነው።

ይህ የናይሮቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም፣ ካምፓላም፣ ዳሬሰላምም በፍጥነት እያደጉ ያሉ ከተሞች ናቸው። በእያንዳንዳቸው ባዶ የሚመስለው ሜዳ፣ አሮጌው አዳራሽ ወይም የወንዝ ዳር ዛፍ ለአንዱ ያልተሠራበት መሬት፣ ለሌላው ግን ልጁን ይዞ የሚወጣበት ብቸኛ ስፍራ ነው። የናይሮቢ ታሪክ የሚያሳየው፣ አንድ መናፈሻ ከተሸጠ በኋላ መልሶ መግዛት እንደማይቻል፣ ከመሸጡ በፊት ግን አንዲት ሴት በያዘችው ችግኝ እንኳ ልታስቆመው እንደምትችል ነው።